«ስምንት ወር ሳይሞላው ቀኙ ደከመ»፦ ስለ ኤርፖድ ባትሪ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከቤታቸው ሆነው በስልክ ትዕዛዝ እየተቀበሉ ይሠራሉ። በቀን 6 ሰዓት ያህል ኤርፖድ ጆሯቸው ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀኙን ብቻ ያደርጋሉ፣ ግራው ኬዙ ውስጥ ይቀመጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛቸውን ገዝተዋል። የመጨረሻው ካርቶን ላይ «6 ሰዓት» ይላል፤ ዛሬ፣ 8 ወር ሊሞላው ሲል፣ ቀኙ 50 ደቂቃ፣ ግራው 2 ሰዓት ሠርተው ይጠፋሉ። ስልኩ ግን ከኬዙ በወጡ ቁጥር ሁለቱንም 100 በመቶ ነው የሚላቸው። «የኔ አያያዝ ነው ወይስ ዕቃው? ይጠገናል ወይ? ከዚህ በኋላስ ምን ልግዛ?» ይላሉ።

እህቴ፣ አያያዝዎ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምለው ጥገና ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ራሱን ሲወቅስ ስለምሰማ ነው። አንዱ «ሌሊት ቻርጅ ላይ ስለማሳድረው ይሆን?» ይለኛል፤ ሌላዋ «ልጄ አንድ ቀን ጥሎት ነበር» ትለኛለች። ሻጩም ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ደንበኛው ይገፋል። እውነቱ ግን ኤርፖድ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ዕድሜው አጭር ሆኖ መሠራቱ ነው፤ ሲገዙም ይህን ማንም አልነገረዎትም። ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

የስልክዎ ባትሪ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) አካባቢ ይይዛል። የአንድ ጆሮ ኤርፖድ ባትሪ በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ነው። የአፕል የመጀመሪያው ኤርፖድ በዲሴምበር 2016 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 159 ዶላር ነበር፤ በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ የነበረው ባትሪ ግን ወደ 25 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ነው። የስልኩ ጀሪካን ቢሆን የኤርፖዱ ሲኒ ነው ማለት ነው። ሲኒ ደግሞ በየሰዓቱ ይሞላል፣ በየሰዓቱ ይጠጣል፤ ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሊቲየም ባትሪ የሚያረጀው ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ እንደተራገፈ እየተቆጠረ ነው። ከሙሉ እስከ ባዶ አንድ ዙር ይባላል፤ ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሹን ቢጠቀሙም አንድ ዙር ነው። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ዙር ሲሄዱ የመጀመሪያ አቅማቸው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይፈጥናል። ስልክዎን በቀን አንድ ጊዜ ቻርጅ ቢያደርጉ እዚያ ለመድረስ ከ10 እስከ 16 ወር ያህል ይፈጃል። የኤርፖዱን እንቁጠር።

ካርቶኑ ላይ ያለው 6 ሰዓት የሙዚቃ ሰዓት ነው፤ የሚለካውም በአዲስ ዕቃ፣ ብዙ ጊዜም ድምፁ ግማሽ ላይ ተደርጎ ነው። ስልክ ሲያወሩ ማይኩ ይከፈታል፣ ድምፅዎ በሬዲዮ ይላካል፣ የሚያናግሩዎት ሰው ድምፅ ይመጣል፤ ሁሉም ባትሪ ይበላል። ያ የመጀመሪያው የአፕል ኤርፖድ እንኳ ለሙዚቃ 5 ሰዓት ሲባል ለንግግር የተባለለት 2 ሰዓት ነበር። የእርስዎን በለጋስነት 3 ሰዓት ተኩል እንበለው። በቀን 6 ሰዓት ካወሩበት ቀኙ በየቀኑ 1.7 ዙር ይሄዳል። በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር ወደ 44 ዙር፣ በ8 ወር ወደ 350 ዙር ይደርሳል ማለት ነው። ሌላ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ዘፈን እየሰማ በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን እርስዎ በስምንት ወር ጨርሰውታል። ሥራዎ ነውና ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

ቀኙ ቀድሞ የደከመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሥራውን ሁሉ የተሸከመው እሱ ነው። ሁለቱንም የሚያደርጉ ሰዎች ጋ እንኳ አንዱ ቀድሞ ሲደክም አያለሁ፤ ብዙ ርካሽ ኤርፖዶች በጥሪ ጊዜ የአንዱን ጆሮ ማይክ ብቻ ስለሚከፍቱ፣ የቆዩትም አንዱ ከስልክ የተቀበለውን ለሌላው እያቀበለ እንዲሠራ ሆነው ስለተሠሩ ነው። ግራው ደግሞ ኬዝ ውስጥ ስለተቀመጠ አርፏል ማለት አይደለም። ኬዙ ቀኑን ሙሉ 100 በመቶ ላይ ያቆየዋል፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቶ መቀመጥ አይስማማውም፣ በተለይ ከሞቀ። ባትሪ የሚያረጅበት ፍጥነት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዱባይ ወይም ሰመራ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ኬዙን የሚተው ሰው አዲስ አበባ ካለው ሰው ቀድሞ ይሰናበተዋል።

አሁን ወደዚያ ወደሚያናድደው 100 በመቶ እንምጣ። ስልኩ እየዋሸዎት አይደለም፤ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ብዙዎቹ ኤርፖዶች መቶኛውን የሚገምቱት ከባትሪው ቮልቴጅ ነው፤ 4.2 ቮልት ሲደርስ ሞላ ይላሉ። አተላው ያልተደፋ ጀበና አስቡ። ውሃ ሲጨምሩበት እስከ አፉ ይሞላል፣ ላየው ሙሉ ነው፤ ሲቀዱት ግን ሁለት ሲኒ አይወጣውም። ያረጀ ባትሪም የሚሞላው እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ የውስጥ መከላከያው (ኤሌክትሪኩ እንዳይወጣ ከውስጥ የሚይዘው) ስለሚጨምር ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ «40 በመቶ ላይ ድንገት ይጠፋል» ብሎ አመጣልኝ። ከፍቼ በቴስተር ለካሁት፤ ሥራ ሳይጫንበት 4.17 ቮልት ነው፣ እንከን የለውም ያሰኛል። ዘፈን ከፍቼ ድምፁን ስጨምር ቁጥሩ ዓይኔ እያየ 3.9፣ 3.6፣ 3.3 አለና ጠፋ። ደቂቃ አልሞላም። ጠፍቶ ትንሽ ሲያርፍ ቮልቴጁ መልሶ 3.8 ገባ። ልጁ ቻርጅ እየደጋገመ ሁለት ወር ታግሎበታል፤ እንዲህ የሆነን ባትሪ ደጋግሞ ቻርጅ ማድረግ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ያም ሆኖ ሳይለኩ ባትሪው ሞቷል ብለው አይፍረዱ። ባትሪ ሞተ ተብለው ከሚመጡልኝ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ሞልተው የማያውቁ ናቸው። ኤርፖዱን አውጥተው የታችኛውን ጫፍ መብራት ላይ ያዩት፤ ሁለት ወይም ሦስት የምስማር ራስ የሚያህሉ የብረት ነጥቦች አሉ። ኬዙ ውስጥ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገፉ ትንንሽ ፒኖች አሉ። ላብ ጨው አለው፤ በፒኑ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ በስሱ የተለበጠው ወርቅ ተበልቶ ሥሩ ያለው ብረት አረንጓዴ ይሆናል፣ ወይም የጆሮ ኩክ ጥቁር ሆኖ ይጋገርበታል። ያን ጊዜ ኤርፖዱ ኬዝ ውስጥ ቢያድርም ግማሹን እንኳ አይሞላም። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል እርጥብ አድርገው (ብዙ ሳይርሰው) ነጥቦቹንም ፒኖቹንም ያሹ፤ አረንጓዴው እንቢ ካለ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለው ይፈግፍጉት። መርፌ አይንኩበት። ድምፅ የሚወጣበትን ወንፊት ግን በአልኮል አይንኩት፤ ወደ ታች ዘቅዝቀው በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጥረጉት። «ድምፁ ቀነሰ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ብዙው የወንፊት ኩክ ነው።

ካጸዱ በኋላ እንዲህ ይለኩ። ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ 2 ሰዓት ያቆዩአቸው፣ ኬዙም ራሱ ቻርጅ ላይ ይሁን። ከዚያ ሁለቱንም አውጥተው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጠገባቸው አድርገው፣ ድምፁን ግማሽ ላይ፣ ዘፈን ይክፈቱና ሰዓት ይያዙ። ጥሪ አይቀበሉበት። እያንዳንዱ የጠፋበትን ደቂቃ ይጻፉ። የቀኙ ሰዓት ከበፊቱ በብዙ ከጨመረ ችግሩ ፒኑ ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ ያጽዱ፣ ሌላ ወጪ የለብዎትም። ካልተለወጠና ከግራው ግማሽ በታች ከሰጠ ባትሪው አልቋል። የእርስዎን ታሪክ ሳየው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ 350 ዙር ብቻውን ወደ 50 ደቂቃ አያወርድም ነበር፣ ነገር ግን በየቀኑ እስኪጠፋ ድረስ መጠቀምና ዕቃው ርካሽ ባትሪ የገባለት መሆኑ ሲጨመርበት ይደርሳል።

ይጠገናል ወይ ላሉት መልሱ እንደ ሞዴሉ ነው። እግር ያላቸው፣ የአፕሉን መልክ የያዙት፣ ባትሪያቸው ብዙ ጊዜ ቀጭን ሆኖ ጠባቡ ቦታ ውስጥ ይገባል፤ ፕላስቲኩም በማጣበቂያ ተዘግቷል። ለመክፈት ማሞቅና መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ ሲዘጋ እንደ ድሮው አይዘጋም፣ ላብ መከልከሉም ይቀራል። ዕቃዎችን እየፈታ ለጥገና ያላቸውን ምቹነት ከ10 ነጥብ የሚሰጠው አይፊክሲት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለአፕል ኤርፖዶች ተደጋጋሚ ጊዜ ዜሮ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። አፕል ራሱም አሜሪካ ውስጥ ዋስትናው ላለፈ ኤርፖድ «የባትሪ አገልግሎት» ብሎ ለአንዱ ጆሮ 49 ዶላር ሲያስከፍል የሚሰጠው ሌላ ጆሮ ነው፤ ያው አሮጌው ተከፍቶ ባትሪ አይቀየርለትም።

ክብ የሆኑት፣ እግር የሌላቸው፣ ይሻላሉ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው እንደ ሰዓት ባትሪ ክብ ነው፤ 1254 የሚል ቁጥር ካለው ወርዱ 12 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 5.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። በ2019 የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ በድስ ይህን ዓይነት ነበር የያዘው፤ አይፊክሲትም 6 ነጥብ ሰጥቶታል። ለስላሳና አራት ማዕዘን የሆኑት ደግሞ 501012 ዓይነት ቁጥር አላቸው፤ ውፍረቱ 5.0፣ ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 12 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ከታወቀ ተመሳሳዩ ተፈልጎ ይገባል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቁጥሩ ፊት «ሲአር» የሚል የላቲን ፊደል ያለው ባትሪ የማይሞላ ነው፤ መጠኑ ቢገጥም እንኳ ኤርፖድ ውስጥ ገብቶ ቻርጅ ከተደረገ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያውም ከጆሮዎ ሥር። «ገጥሞልሃል» ብሎ የሚሰጥዎትን ሰው አይቀበሉ። ባትሪው ላይ በቀጥታ ሶልደር የሚያሳርፍንም እንደዚሁ፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። ትክክለኛው ባትሪ ቀድሞ የተበየደ ቅጠል (ስስ የብረት ቁራጭ) ይዞ ይመጣል፣ ሽቦው የሚያያዘው ከቅጠሉ ጋር ነው። የወጣው አሮጌ ባትሪም ሁለቱ ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ፤ እሳት ውስጥ አይጣል።

ለእርስዎ የማስቀይረው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ቀኙን ብቻ ከቀየሩ ከሦስት ወር በኋላ በግራው ይመለሳሉ። የሁለቱ ባትሪና የእጅ ዋጋ ከአዲስ ዕቃ ግማሽ በላይ ከሆነ ግን አይጠግኑት፤ ደንበኛ ባጣም የምለው ይህንኑ ነው።

የሚያስደስተኝ ሌላ መንገድ እንደሚቻል መታየቱ ነው። ፌርፎን የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2024 ፌርበድስ ብሎ ያወጣው ኤርፖድ የጆሮውም የኬዙም ባትሪ በተጠቃሚው እጅ ይቀየራል፤ አይፊክሲት 10 ከ10 ሰጠው። «ላብ እንዳይገባ ስንል ነው የምናጣብቀው» የሚለውን ምክንያት ከዚያ በኋላ መቀበል ይከብደኛል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ባትሪ በተጠቃሚው ሊወጣና ሊተካ የሚችል እንዲሆን ያዛል፤ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ግን ተጠብቀዋል። እዚህ ያለነው ደንቡ አይመለከተንም፤ ለአውሮፓ ብሎ የተሠራ ዕቃ ግን እኛ ገበያም ይደርሳልና ጥገና ቤት ያለነው በጉጉት ነው የምንጠብቀው።

ወደ ግዢው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሞኛል። ኬዙ ላይ በትልቁ «3500» ተብሎ የተጻፈበት ኤርፖድ አይተው ያውቃሉ? አንዱን ጎረቤቴ ወርቅ ቤት ወስጄ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ኬዙም ሁለቱ ጆሮዎችም ተጨምረው 41 ግራም መዘኑ። በእውነት 3,500 የሚይዝ የተለመደው ሲሊንደር ባትሪ ለብቻው ከ45 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ርዝመቱም 65 ሚሊሜትር ነው፤ ኬዙ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ከፍቼ ሳየው ባትሪው ላይ 300 ነው የተጻፈው። ሚዛን አይዋሽም፤ ሲገዙ እጅዎ ላይ ያንሱት፣ እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ከቀለለዎት ቁጥሩን አይመኑ። የአይፎን ስክሪን ላይ የኤርፖዱ ሥዕል ብቅ ማለቱም ኦሪጅናል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ኮፒዎቹም ያንን ያሳያሉ። «በጠቅላላው 30 ሰዓት» የሚለውም የኬዙ ተደምሮ ነው፤ ኬዙ የጆሮውን ባትሪ በየሰዓቱ እንደገና ሲሞላው ዙሩ ይቆጠራል እንጂ ዕድሜ አይጨምርም።

ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ለንግግር ስንት ሰዓት ነው፣ አንዱ ጆሮ ለብቻው ይሸጣል ወይ፣ ደረሰኝ ትሰጠኛለህ ወይ። የመጨረሻው እንደ ትንሽ ነገር አይታይ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዙት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልዎት ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ሰጥቶዎታል። ስለዚህ በገዙ በመጀመሪያው ሳምንት ያንን የሰዓት ፈተና ያድርጉ፤ ውጤቱን ከካርቶኑ ፎቶ ጋር ያስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚለካው ከደከመ በኋላ ስለሆነ ማነጻጸሪያ የለውም። ሱቁ ውስጥ ሳሉም ኬዙን ሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ይሞክሩት፤ በዚያ ገመድ አልሞላ ብሎ በአሮጌው ሰፊ ጫፍ ገመድ ብቻ የሚሞላ ከሆነ ፋብሪካው የሳንቲም ክፍልፋይ የሚያወጡ ሁለት ሬዚስተሮችን (ዕቃ መሰካቱን ለቻርጀሩ የሚያሳውቁ ጥቃቅን ክፍሎች) ቆጥቧል ማለት ነው። እዚያ የቆጠበ ባትሪው ላይም ይቆጥባል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ስለ ሥራዎ። ኤርፖድ ለቀን 6 ሰዓት ንግግር የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ አራተኛ ቢገዙም በዓመቱ እንደገና እንጻጻፋለን። ለጥሪው ማይክ ያለው ባለገመድ ኢርፎን ይግዙ፤ ባትሪ የለውም፣ ዙር የለውም፣ ቢበላሽ ገመዱ ነው፣ ድምፅዎም ለደንበኛው ጠርቶ ይሰማል። ቡና እያፈሉ ማውራት ስላለብዎት ገመድ የማይመች ከሆነ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ባለብሉቱዝ ይውሰዱ። የሱ ባትሪ አንገቱ ላይ ስለሚቀመጥ ቦታ አለው፤ ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዙ ይገኛሉ፣ የሥራ ቀንዎን በአንድ ቻርጅ ይወጡበታል። ያ ማለት በቀን ከ1.7 ዙር ወደ አንድ ዙር ወይም ከዚያ በታች ወረዱ። ጥገናውም ቀላል ነው፤ ለመክፈት የማያታግል፣ እጅ የሚገባበት ዕቃ ነው።

ያለዎትን ኤርፖድ ደግሞ ለመንገድ ያስቀሩት። ለጥሪ ግድ ካስፈለገዎት ጠዋት ቀኙን፣ ከምሳ በኋላ ግራውን እያፈራረቁ ያድርጉ፣ ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል። እስኪጠፋ አይጠብቁት፤ 20 በመቶ ሲል ይመልሱት። ለወራት የማይነኩት ከሆነ ባዶውን መሳቢያ ውስጥ አይተዉት፤ ኬዙ በራሱ እያለቀ ይሄድና ባትሪው ከሚችለው በታች ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ግማሽ ያህል ሞልተው ያስቀምጡት።

ካጸዱና ከለኩ በኋላ ቀኙና ግራው የሰጡትን ደቂቃ፣ ከኬዙ ክዳን ውስጥ ወይም ከሥሩ ያለውን የሞዴል ቁጥር፣ ኤርፖዱ እግር ያለው ወይም ክብ መሆኑን ጨምረው ይጻፉልኝ። ባትሪው የትኛው እንደሆነና መቀየሩ ያዋጣ እንደሆነ በዚያ ላይ ተመሥርቼ እነግርዎታለሁ።